የተደበቀ ግሉተን፦ ከወፍጮ ቤት እስከ ጥርስ ሳሙና እንዴት እንለየዋለን?

ሐኪም «ከእንግዲህ ስንዴና ገብስ የለም» ብሎ ሲያሰናብተን ቶሎ የሚመጣልን ዳቦ፣ ፓስታና ቢራ ነው። «እንጀራ እስካለልን ድረስ ምን ቸገረን?» እንላለን። ችግሩ ግን የሚጀምረው እዚያው እንጀራው ላይ ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ የምንኖር ሰዎች፣ ከለገጣፎ እስከ ሰበታ፣ ከሱሉልታ እስከ ቱሉ ዲምቱና ኮየ ፈጬ፣ ከምንበላው አብዛኛው ምንም የይዘት ጽሑፍ የለውም። በጆንያ ይመጣል፣ በጣሳ ይሰፈራል፣ በፌስታል ይቋጠራል። በውጭ አገር የተጻፉ መመሪያዎች «ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ አንብቡ» ሲሉ ለእኛ ምክሩ የሚሠራው ሱፐርማርኬት ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ ውጭ መከታተል ያለብን እህሉ የመጣበትን መንገድ ነው፦ ከማን ተገዛ፣ የት ተፈጨ፣ በምን እርሾ ተቦካ፣ በየትኛው ምጣድ ተጋገረ።

ቤቴ ውስጥ ሲሊያክ ያለባት ልጅ አለች። ሲሊያክ ማለት በስንዴ፣ በገብስና በመሰሎቻቸው ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ሲበላ ሰውነት የራሱን ትንሽ አንጀት የሚጎዳበት በሽታ ነው። ከዚህ በታች ያለው ከሐኪሞቿ የሰማሁት፣ ያነበብኩትና እዚሁ ሰፈር በየዕለቱ የምንሠራበት ነው።

ከሁሉ በፊት፦ ምርመራው ሳያልቅ ስንዴ አታቁሙ

ይህን ካላነበባችሁ ሌላውን ባታነቡት ይሻላል። ሲሊያክ የሚታወቀው በደም ውስጥ ያለን ፀረ እንግዳ አካል በመለካትና አብዛኛውን ጊዜም በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ) ከትንሹ አንጀት ናሙና ወስዶ በመመርመር ነው። ሰው ተጠራጥሮ በራሱ ፈቃድ ስንዴ ካቆመ በደሙ ያለው ምልክት ይወርዳል፣ አንጀቱም መዳን ይጀምራል። ያኔ ምርመራው «ነፃ ነህ» ሊል ይችላል። እንደገና በትክክል ለመመርመር ለሳምንታት ስንዴ እየበሉ መታመም ግድ ይሆናል። ስለዚህ ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ በብረት ኪኒን የማይስተካከል የደም ማነስ፣ የልጅ አለማደግ ካስጨነቃችሁ እየበላችሁ ተመርመሩ። የስንዴ አለርጂ ሌላ በሽታ ነው፤ የሚታወቀውም በሌላ ምርመራ ነው።

ጥቂት ስንል ምን ያህል ነው?

«ትንሽ ብትቀምስ ምን ትሆናለች?» የሚል ዘመድ በየቤቱ አለ። ለእሱ የሚሆን ቁጥር ይኸው። የኮዴክስ ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ አንድን ምግብ ከግሉተን ነፃ የሚለው በኪሎ ከ20 ሚሊግራም የማይበልጥ ግሉተን ሲኖረው ነው። አብዛኛው ሲሊያክ ያለበት ሰው በቀን እስከ 10 ሚሊግራም ሊቋቋም ይችላል ተብሎ ይታሰባል። አንድ የሻይ ማንኪያ የስንዴ ዱቄት ግን ብቻውን ከ200 ሚሊግራም በላይ ግሉተን አለበት። ወጥ ለማወፈር የተነሰነሰች አንዲት ማንኪያ ዱቄት ድስቱን ሁሉ ታበላሻለች።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ግሉተን በእሳት አይጠፋም። መቁላት፣ መቀቀል፣ መጥበስ አያነሳውም። ሊጥ ስለቦካም ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብሎ መተማመን አይቻልም። አልኮል ያለበት የእጅ ማጽጃም ጀርምን እንጂ ዱቄትን አያነሳም። የሚያነሳው ውሃና ሳሙና፣ እንዲሁም መፈተግ ነው።

ደረጃ 1፦ የቤታችሁን እህል በጎራ ለዩ

ችግር የሌለባቸው ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ሩዝ፣ ቆጮና ቡላ፣ ድንች፣ ጥራጥሬዎች ሁሉ፣ ተልባ፣ ኑግ፣ ሱፍና ሰሊጥ ናቸው። ስለ ጤፍ ጥርጣሬ ያለው ሰው ካለ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የሆላንድ ተመራማሪዎች የተለያዩ የጤፍ ዝርያዎችን መርምረው ሲሊያክን የሚያስነሳው ፕሮቲን እንደሌለባቸው አሳትመዋል። ሰርገኛ የሚባለውም ነጭና ቀይ ጤፍ በአንድ ላይ ስለሆነ ስጋት የለውም።

የተከለከሉት ስንዴ፣ ገብስና ራይ (የስንዴ ዘመድ የሆነ እህል) ናቸው። እነዚህ ግን ወደ ቤታችን የሚገቡት በስማቸው ብቻ አይደለም። በሶ ገብስ ነው። ቆሎ አብዛኛውን ጊዜ ገብስ ነው፤ ሽምብራና ሱፍ ተቀላቅሎበት ቢሸጥም ያው ነው። ዳቦ ቆሎ፣ ድፎ፣ አምባሻ፣ ሙልሙል፣ ቦምቦሊኖ፣ ፓስቲና የሳምቡሳ ቂጣ ስንዴ ናቸው። ቅንጬ ከስንዴ ወይም ከገብስ፣ ገንፎ ከገብስ ወይም ከስንዴ ሊሆን ይችላል። ጨጨብሳ ከጤፍ ቂጣ ሊሠራ ይችላል፤ ምግብ ቤት ውስጥ ግን ስንዴ ነው ብላችሁ አስቡ። የፋፋ ዓይነት የሕፃናት ምግብ በብዛት ስንዴ ስላለበት ለሕፃን አጥሚት መተኪያ አድርጋችሁ አትውሰዱት።

አጃ ላይ ቆም በሉ። በገበያችን አጃ ተብሎ የሚጠራው አንድ እህል አይደለም። አንደኛው በቆርቆሮና በካርቶን የሚሸጠው፣ ለአጥሚትና ለሾርባ የሚሆነው ነው። ሌላው ገበሬው አጃ የሚለው ጥንታዊ የስንዴ ዝርያ ሲሆን እሱ ሙሉ በሙሉ ክልክል ነው። የመጀመሪያውም ቢሆን በማሳ፣ በመጓጓዣና በፋብሪካ ከስንዴና ከገብስ ጋር ስለሚነካካ፣ ማሸጊያው ላይ ከግሉተን ነፃ መሆኑ ካልተጻፈ አይበላም። ነፃ የሆነውን አጃ እንኳን ጥቂት ሕመምተኞች አይስማማቸውም። እኔ ቤት ጨርሶ አይገባም። አጥሚቱን በቡላ ወይም በሩዝ እንሠራዋለን።

ደረጃ 2፦ ዱቄት ሳይሆን እህል ግዙ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። እህል ሳይፈጭ ማንነቱ ይታያል፤ ከተፈጨ በኋላ ግን የማንም ዓይን አይለየውም። «ንጹሕ የጤፍ ዱቄት» ተብሎ በኪሎ የሚሸጠው ውስጥ ስንዴ ቢገባበት በቀለምም፣ በሽታም፣ በጣትም አታውቁትም።

ጤፍ ሲሆን ደግሞ ተፈጥሮ ራሷ ታግዘናለች። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ ስለሆነ በጤፍ ወንፊት ሲነፋ ጤፉ ይወርዳል፣ የስንዴና የገብስ ፍሬ ከላይ ይቀራል። ከአድአ፣ ከበቾ ወይም ከምንጃር የመጣ ጥሩ ማኛ እንኳን ከአውድማና ከጆንያ ጥቂት የስንዴ ፍሬ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በመጀመሪያ ንፉት፣ ከላይ የቀረውን ጣሉት፣ ቀጥሎ አበጥሩት፣ አንገዋሉት። የተሰባበረ ስንዴ በወንፊቱ ሊያልፍ ስለሚችል አንድ ጊዜ ነፍቶ መተው አይበቃም። ወንፊቱና ሰፌዱ ለዚህ ብቻ የተለዩ ይሁኑ። ስፌት በሆነ ዕቃ ስንጥቅ ውስጥ የገባ ዱቄት በማጠብ አይወጣም።

ምስር፣ ሽምብራና አተርም ከስንዴ ጋር በሚፈራረቁበት ማሳ ስለሚበቅሉ ፍሬ ይዘው ይመጣሉ። ነጭ ትሪ ላይ ዘርግታችሁ በቀን ብርሃን ልቀሙ፣ ከዚያ እጠቡ። ቀይ ምስር ክክ ውስጥ ያለ የስንዴ ፍሬ ፈጥኖ ይታያል፤ ድፍን ምስር ግን ትዕግሥት ይፈልጋል።

ጆንያውንም ተመልከቱ። የዱቄት ፋብሪካ ስም የታተመበት ጆንያ ቀድሞ ስንዴ ዱቄት የነበረበት ነው። ነጋዴው ጤፉን በእሱ ገልብጦ ቢሰጣችሁ አትቀበሉ፤ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ደረጃ 3፦ ወፍጮ ቤት

በእኔ ግምት ብዙ ሰው «ሁሉን ነገር ትቼ ለምን አልተሻለኝም?» የሚለው በወፍጮ ቤት ምክንያት ነው። ጤፉ ንጹሕ ሆኖ ገብቶ ድብልቅ ሆኖ ይወጣል።

በአካባቢያችሁ ካሉት ወፍጮ ቤቶች ለጤፍ ብቻ የተለየ ወፍጮ ያለውን ፈልጉ። ብዙዎቹ የጤፉን፣ የሌላውን እህልና የበርበሬውን ለየብቻ ያደርጋሉ። ግን «የጤፍ ወፍጮ» መባሉን ብቻ ሰምታችሁ አትመለሱ። ሠራተኛውን በአክብሮት «ወንድሜ፣ ድብልቅ ይዞ የሚመጣ ሰው በየትኛው ነው የምትፈጭለት?» ብላችሁ ጠይቁት። በብዙ ቦታ ጤፍና ስንዴ ወይም ጤፍና ገብስ ቀላቅሎ የሚያመጣ ደንበኛ አለ፤ የሚፈጨውም በዚያው በጤፉ ወፍጮ ነው።

ለመፍትሔው ከባለቤቱ ጋር መስማማት ያስፈልጋል። ወፍጮው በጠዋት ሲከፈት የመጀመሪያ ሁኑ። ዱቄቱ የሚወርድበት ጨርቅ እንዲራገፍ፣ ከተቻለም በራሳችሁ እንዲቀየር ጠይቁ። ከዚያ ከራሳችሁ እህል ሁለት ሦስት ኪሎ አስቀድማችሁ አስፈጩና ያንን ዱቄት ለብቻው ቋጥሩት። እሱ ወፍጮውን ያጠበ ዱቄት ነውና ስንዴ የሚበላ የቤተሰብ አባል ይውሰደው። ቀጥሎ የሚወርደው የሕመምተኛው ነው። በክዳን በሚገጥም ባልዲ ተቀበሉት፤ በወፍጮ ቤት አየር ላይ የሚንሳፈፈው የስንዴ ብናኝ አፉ በተከፈተ ጆንያ ላይ ያርፋል።

ይህ ስጋቱን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋም። ተመሳሳይ ሕመም ያለባቸው ሁለት ሦስት ቤተሰቦች ካገኛችሁ እህላችሁን አሰባስባችሁ በአንድ ቀን ማስፈጨት እጅግ ይሻላል፤ የማጠቢያውንም ወጪ ትካፈላላችሁ።

ደረጃ 4፦ እርሾ፣ ቡሃቃና ምጣድ

ከጎረቤት እርሾ መዋዋስ ደግ ልማዳችን ነው፤ እዚህ ላይ ግን ይቅር። የጎረቤት እርሾ የጎረቤትን ድብልቅ ሁሉ ይዞ ይመጣል። ንጹሑን የጤፍ ዱቄት በውሃ አቡክታችሁ ለጥቂት ቀናት ተዉት፣ በራሱ ይነሳል። የመጀመሪያው እንጀራ ዓይኑ ባያምር አትዘኑ፣ ሁለተኛው ሦስተኛው ላይ ይስተካከላል።

ቡሃቃው አዲስ ይሁን። ማሰሻው ጨርቅ፣ ሰፌዱና መሶቡ የተለዩ ይሁኑ። ምጣዱ ላይ አምባሻ ወይም የስንዴ ቂጣ ሲጋገርበት የኖረ ከሆነ አዲስ መግዛት ነው የሚሻለው። አቅም ካልፈቀደ ደግሞ በደንብ ጠርጉት፣ ከዚህ በኋላ ስንዴ አይውጣበት። ኮንዶሚኒየም ውስጥ በጋራ ማብሰያ ቤት የምትጋግሩ ከሆነ የራሳችሁን ምጣድ ይዛችሁ ውረዱ፣ ጎረቤት ዱቄት ሳያራግፍ በማለዳ ጨርሱ።

መብራት ጠፍቶ እንጀራ ከውጭ መግዛት ግድ ሲል አጠያየቁ ወሳኝ ነው። «ንጹሕ ጤፍ ነው?» ካላችሁ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። «እህቴ፣ ከጤፉ ጋር ምን ትጨምሪበታለሽ?» ካላችሁ ግን ብዙዎቹ በቅንነት ይነግሯችኋል፦ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ገብስ፣ ስንዴ። ድብልቅ መሥራት ነውር አይደለም፤ የጤፍ ዋጋ ያስገደደው ነው። ለዚያም ዋጋው ራሱ ይናገራል። እንጀራው ከጤፉ ዋጋ ጋር የማይመጣጠን ርካሽ ከሆነ ሌላ እህል አለበት። ያልተረጋገጠ እንጀራ ከመግዛት ይልቅ የዚያን ቀን ሩዝ ወይም ድንች መቀቀል ይሻላል።

ደረጃ 5፦ ባልትና

ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣና በሶ በአንድ ቤት፣ በአንድ ወፍጮ፣ በአንድ ማንኪያ ይሸጣሉ። ሽሮ ስንዴ ባይገባበትም ከበሶ ቀጥሎ ከተፈጨ ለመበከል በቂ ነው። ስለዚህ የሽሮውን እህል ራሳችሁ ቆልታችሁ፣ ቅመሙን ደልዛችሁ፣ በደረጃ 3 በተባለው መንገድ አስፈጩ። በርበሬም እንዲሁ። ትንሽ የቤት መፍጫ ያለው ሰው ለቅመሞች ብዙ ጣጣ ይቀንስለታል።

ቡና ሲሆን ጥሬውን ገዝታችሁ ቁሉት። ተፈጭቶ ያለ ማሸጊያ የሚሸጥ ቡና ውስጥ የተቆላ ገብስ ሊቀላቀል ይችላል። ለቡና ቁርስ ፈንዲሻ አለላችሁ።

ደረጃ 6፦ ጽሑፍ ያለው ዕቃ

በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ማንበብ ቀላል ነው። ሱቆቻችን ግን ከቱርክ፣ ከዱባይና ከህንድ በመጡ ዕቃዎች የተሞሉ ናቸው። በቱርክኛ ቡዳይ ስንዴ፣ አርፓ ገብስ ነው። በአረብኛ ቀምህ ስንዴ፣ ሸዒር ገብስ ነው። በህንድ ማሸጊያ ላይ አታ፣ ማይዳ፣ ሱጂ ካያችሁ ሁሉም ከስንዴ ናቸው። ሴሞሊና፣ ዱረም፣ ቡልጉር፣ ኩስኩስ፣ ስፔልትም እንዲሁ ስንዴ ናቸው።

ከሁሉ በላይ የሚያመልጠን ማልት የሚለው ቃል ነው። ማልት አብዛኛውን ጊዜ የገብስ ብቅል ነው፤ በቆሎ የተባለ የቁርስ ኮርንፍሌክስ ውስጥ ለጣዕም ይገባል፣ ቸኮሌት ውስጥ ይገባል። ማልቶዴክስትሪን ግን ስሙ ቢያስፈራም ችግር የለውም። የሶያ ሶስ አብዛኛው ስንዴ አለበት። የሾርባ ኪዩብ፣ የታሸገ ሾርባና ቋሊማ ዱቄት ሊኖርባቸው ይችላል። ቤኪንግ ፓውደር አንዳንዱ በስንዴ ስታርች የተሠራ ነው።

«ዊት ፍሪ» ማለት ከስንዴ ነፃ ማለት እንጂ ከግሉተን ነፃ ማለት አይደለም፤ ገብስ ሊኖርበት ይችላል። መፈለግ ያለባችሁ «ግሉተን ፍሪ» የሚለውን ወይም በክብ ውስጥ የተሰረዘ የስንዴ ዘለላ ምልክትን ነው።

መጠጥን በአጭሩ፦ ጠላ፣ ቀሪቦ፣ ሻሜታ፣ ቢራና አልኮል አልባ የማልት ለስላሳዎች አይሆኑም። ንጹሕ ማር የሆነ ጠጅና ብርዝ ይሆናሉ።

ደረጃ 7፦ ከቤት ውጭ

ምግብ ቤት ስትገቡ ከምግቡ ይልቅ ዘይቱንና ድስቱን ጠይቁ። የድንች ጥብስ ራሱ ንጹሕ ነው፤ ሳምቡሳና ቦምቦሊኖ የተጠበሰበት ዘይት ውስጥ ከገባ ግን አይበላም። ዓሣና ኮተሌት ዱቄት ይነካሉ። ሾርባ በዱቄት ይወፍራል፤ በረመዳን ማፍጠሪያ የሚቀርበው ሾርባም ብዙ ጊዜ የአጃ ነው። ክትፎ ከአይብና ከቆጮ ጋር ከታመኑት አንዱ ነው፤ ማባያ እንጀራውን ግን መልሱ።

ለቅሶ ቤት ንፍሮ ይዘገናል፣ ስንዴ አለበት። በዝክርና በማኅበር ዳቦ ይቆረሳል። «በሞቴ» ሲባል እምቢ ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። «ሐኪም ከልክሎኛል» ማለት ግን በሀገራችን ይከበራል፤ በዝርዝር ከማስረዳት ይህቺ ቃል ትበልጣለች። ጉርሻም ከሌላ ሰው እጅ የሚመጣ ነውና፣ ያ እጅ ዳቦ ቆርሶ ከሆነ አይቀበሉትም። የቅዱስ ቁርባኑ ኅብስት ከስንዴ ስለሆነ አስቀድማችሁ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ።

ለልጅ ደግሞ መምህሯንና የምሳ ጓደኞቿን አናግሩ። ምሳ ዕቃ መካፈል የልጆች ፍቅር ነው። ለቡሄ ሙልሙል ሲሰጣት የምትቀይርበት ሌላ ነገር ቤት አዘጋጁላት፤ ልጆቹ ሲበሉ እሷ ባዶ እጇን ስትቆም ማየት ለእናት ይከብዳል።

ደረጃ 8፦ መዋቢያ፣ መታጠቢያና መድኃኒት

እዚህ ላይ ብዙ ያለ ቦታው የመጣ ፍርሃት አለ። ሲሊያክን የሚያስነሳው ወደ አንጀት የገባ ግሉተን ነው። በደህና ቆዳ ላይ የተቀባ ሻምፖ ወይም ቅባት በቆዳ አልፎ አንጀት አይደርስም። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው፦ ይህ ነገር ወደ አፍ ይገባል?

ወደ አፍ የሚገቡት ሊፕስቲክ፣ የከንፈር ቅባት፣ የጥርስ ሳሙናና የአፍ ማጠቢያ ናቸው። እነዚህን መርምሩ። ማሸጊያው ላይ ስንዴ በላቲን ስሙ ትሪቲከም፣ ገብስ ሆርዴየም፣ ራይ ሴካሌ፣ አጃ አቬና ተብለው ይጻፋሉ። «ሃይድሮላይዝድ ዊት ፕሮቲን» የሚለውም ስንዴ ነው። ቀጥሎ ጣቱን የሚጠባ ሕፃን ያላት እናት የእጅ ሎሽኗን ትመልከት። ተራ ቫዝሊን ምንም የለበትም።

የስንዴ አለርጂ ያለበት ሰው ግን ሌላ ነው፤ ለእሱ ቆዳም መግቢያ ነው። ጃፓን ውስጥ የስንዴ ፕሮቲን የነበረበት የፊት ሳሙና ከ2,000 በላይ ሰዎችን ለስንዴ አለርጂ ዳርጎ በ2011 እ.ኤ.አ. ከገበያ ተሰብስቧል።

ያልተጠበቁ ቦታዎችም አሉ። ልጆች የሚጫወቱበት ለስላሳ ሊጥ ብዙው ስንዴ ነው። ለደብተርና ለወረቀት ሥራ በቤት የሚዘጋጅ የዱቄት ሙጫም እንዲሁ። ዳር ከተማ ላይ ላም ወይም ዶሮ የምናረባ ደግሞ ፉርሽካ አለን፤ እሱ የስንዴ ቅርፊት ነው፣ ሲገለበጥ ብናኙ ወደ አፍና አፍንጫ ይገባል። ሕመምተኛው ባይገለብጠው ይሻላል፤ ግድ ከሆነ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፣ ሲጨርስ ልብሱን ይቀይር፣ እጁን በሳሙና ይታጠብ።

ኪኒን ውስጥ መሙያ ሆኖ የሚገባው ስታርች በብዛት የበቆሎ ነው፣ አልፎ አልፎ የስንዴ ሊሆን ይችላል። ፋርማሲስቱን «ስታርቹ ከምን እንደሆነ ይዩልኝ» በሉት፤ ከሳጥኑ ውስጥ ያለው ወረቀት ላይ ይገኛል። ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት ግን በጥርጣሬ ብቻ አታቋርጡ።

ሕመሙ ሲመለስ

ስሜቱ ሲቀሰቀስ በዚያው ቀን የተበላውን ብቻ ሳይሆን ያለፉትን ሁለት ሦስት ቀናት ጻፉ። አዲስ የገባ ዱቄት አለ? ወፍጮ ቤት ተቀይሯል? እንግዳ መጥቶ በማሰሻው ምጣድ አሰሰ? አንድ በአንድ ወደ ኋላ ሂዱ። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ አዲስ የገባ ዕቃ ነው፤ ካልሆነ ደግሞ ዱቄቱ ነው።

ምንም ስሜት የማይሰማው ሕመምተኛም አለ። እሱ አንጀቱ እየተጎዳም ደህና ነኝ ሊል ስለሚችል መተማመኛው የደም ምርመራው ነው። አመጋገቡ ከተጀመረ ከ6 ወር በኋላ፣ ከዚያም በዓመቱ፣ ያ ፀረ እንግዳ አካል እየወረደ መሆኑን አስለኩ። ካልወረደ ከወፍጮ ቤቱ ጀምራችሁ መንገዱን እንደገና ፈትሹ፣ ውጤቱንም ለሐኪሙ አሳዩት።